ክረምቱ ሳይገባ

ይህ መልእክት አስቀድሞ በሬዲዮ የተላለፈ ነው። ብዙዎች «በጽሑፍ ቢሆንልን ለሰው እንሰጠው ነበር» ስላላችሁን እንደገና ተዘጋጅቶ ቀርቧል። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አስተላልፉት።

እስኪ ከሐዋርያው ጳውሎስ እንጀምር። ሁለተኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4ን ክፈቱ። ጳውሎስ ሮም ውስጥ እስረኛ ነው። የመሄጃው ጊዜ እንደ ደረሰ ያውቃል። ሩጫውን ስለ መጨረሱ፣ ስለሚጠብቀው የጽድቅ አክሊል ይጽፋል። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ጢሞቴዎስን ምን ይለምነዋል? በጢሮአዳ ትቶት የመጣውን በርኖስ እንዲያመጣለት! ደግሞም ክረምት ሳይገባ እንዲደርስ አጥብቆ ያሳስበዋል።

በዚያ ዘመን ክረምት ሲገባ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የመርከብ ጉዞ ይቆም ነበር። ጢሞቴዎስ ጥቂት ሳምንታት ቢዘገይ ክረምቱ እስኪያልፍ መሻገር አይችልም። በርኖሱም፣ ሰውየውም አይደርሱም። ታዲያ የሰማይ አክሊል የሚጠብቅ ሰው ስለ በርኖስ ሲያስብ እምነት ጎደለው እንበል? አይደለም ወገኖቼ። ጌታን የሚያምን ሰው ብርድ አይበርደኝም አይልም።

እኛ ይህን ከእናቶቻችን እናውቀዋለን። አገር ቤት ክረምት ማለት ዝናብ ነው። እናት ሰኔ ሳይገባ ኩበቷን ታከማቻለች፣ እንጨቷን ከዝናብ ታስገባለች፣ የሚያፈሰውን ጣራ ታስጠግናለች። «እግዚአብሔር ያውቃል» ትላለች፤ እያለችም እንጨቷን ትሸከማለች። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚለው ተረታችን ከዚህ ኑሮ የወጣ ነው። አሜሪካ ስንመጣ ግን ማብሪያውን ስንጫን ሙቀት የሚመጣ ሆነና ይህን ጥበብ ረሳነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በቴክሳስ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ከእሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መብራት መጥፋት ጀመረ። ተመልሶ ይመጣል ብለን ጠበቅን። ለብዙዎች ግን ለቀናት አልመጣም። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና የንግድ ቦታዎች ጨለማ ውስጥ ገቡ። ዳላስ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ደረሰ፤ ከ1949 ወዲህ እንዲህ ቀዝቅዞ አያውቅም። ቧንቧ ፈነዳ፣ ጣራ ተደረመሰ፣ ውኃ ጠፋ። የመረቡ ኃላፊዎች በኋላ እንደተናገሩት፣ የግዛቲቱ የኤሌክትሪክ መረብ ሙሉ በሙሉ ሊወድቅ የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ብቻ ነበር። ግዛቲቱ የቆጠረችው የሟች ቁጥር 246 ነው። ከግማሽ የሚበልጡት የሞቱት በብርድ ነው።

ይህ ነገር ሳይታሰብ መጣ እንዳትሉ። በ1989 ብርዱ የኃይል ማመንጫዎችን አቁሞ ነበር። በ2011 እንደገና ሆነ። ያን ጊዜ የፌዴራል መርማሪዎች ማመንጫዎቹም የጋዝ መስመሮቹም ለብርድ እንዲዘጋጁ በጽሑፍ መከሩ። ምክሩ ግን ምክር ሆኖ ቀረ፤ አስገዳጅ አልሆነም። አሥር ዓመት አለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ሕጉ የወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ግን ዛሬ የቆምኩት ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ራሴ ጥፋተኛ ነኝና ልናዘዝላችሁ።

ያን እሑድ በስልክ ኅብረት አድርገን ሰብኬ ነበር። ርእሱ «አትፍሩ» የሚል ነበር። ስለ እምነት አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። ማዕበሉ እንደሚመጣ ቀደም ብሎ በዜና ሰምቻለሁ። ስለ ውኃ፣ ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ ከሰል ግን አንዲት ቃል አልተናገርኩም። «ይህ የስብከት ነገር አይደለም» ብዬ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ ጠራ። ከአዲስ አበባ ነው። «ፓስተር ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እናቴ ስልክ አታነሳም። ከትናንት ጀምሮ ብደውል ብደውል ዝም ነው» አለኝ፣ የአንዲት ምእመናችን ልጅ። አስቡት! ከውቅያኖስ ማዶ ያለው ልጅ ሌሊቱን ሳይተኛ ሲደውል፣ እኔ የ15 ደቂቃ መንገድ ላይ ያለሁት አንድ ጊዜ እንኳ አልደወልኩላቸውም ነበር።

የ15 ደቂቃው መንገድ በበረዶው ምክንያት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። በሩን ስመታ ቆይተው ከፈቱልኝ። ዓይናቸው ተጨፍኖ ሊወድቅ ነው።

«እማማ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ራሴን ብቻ አሞኝ ነው። ቡና ስላልጠጣሁ ይሆናል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል።»

ወደ ውስጥ አየሁ። ወጥ ቤቱ መሐል ማንደጃው ላይ ፍሙ ቀልቷል። መስኮቱ ብርድ እንዳያስገባ በብርድ ልብስ ተደፍኗል። ደግፌ ወደ ውጭ አወጣኋቸው፣ 911 ደወልኩ። ጌታ ይመስገን፣ ተረፉ። በኋላ ሆስፒታል ስጠይቃቸው ምን አሉኝ መሰላችሁ? «ልጄ፣ ማንም አልነገረኝም እኮ።»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በሕዝቅኤል 33 ሰይፍ ሲመጣ አይቶ መለከት ያልነፋ ጉበኛ አለ። እኔ ነበርኩ።

አሁን እስኪ ማቴዎስ 25ን እንመልከት። አሥሩም ቆነጃጅት መብራት ይዘዋል። አሥሩም ሙሽራውን ይጠብቃሉ። አሥሩም ተኝተዋል፤ ይህን ልብ በሉ፣ ብልሆቹም ተኝተዋል። ልዩነቱ ከመተኛታቸው በፊት በተደረገው ላይ ነው። እኩለ ሌሊት ጥሪው ሲሰማ ዘይት መግዣው ሰዓት አልፏል፣ መበደርም አልተቻለም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይታችሁ ያዙልኝ። የሚካፈል አለ፤ የማይካፈልም አለ። ውኃ ይካፈላል፣ ብርድ ልብስ ይካፈላል፣ ምግብ ይካፈላል፤ ስለዚህ ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም አስባችሁ ጨምራችሁ አዘጋጁ። ከጌታ ጋር መታረቅ ግን አይካፈልም። የእናትህ ጸሎት ያንተን ንስሐ አይተካም። የባልሽ እምነት ያንቺን መብራት አያበራም። ስለዚህ ይህን ለነገ አታሳድሩት።

መጀመሪያ ስለሚካፈለው በግልጽ ልንገራችሁ። ያን እሑድ መናገር የነበረብኝ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ማስጠንቀቂያውን ለዩ። «ዊንተር ስቶርም ዎች» ሲባል ማዕበሉ ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ ማለት ነው። «ዊንተር ስቶርም ዋርኒንግ» ሲባል ደርሷል ወይም በጣም ቀርቧል ማለት ነው። ገበያ የሚኬደው በዎች ጊዜ ነው። እንግሊዝኛ የማይገባቸው ወላጆች ካሉ ደውላችሁ በአማርኛ ንገሯቸው።

ሁለተኛ፣ ውኃ። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ቢያንስ ለሦስት ቀን ያዙ። ለመጸዳጃ ቤት የሚሆን ውኃ ገንዳው ውስጥ ሙሉ። ቧንቧ እንዳይፈነዳ ከቀዝቃዛውም ከሙቁም በቀጭኑ እያንጠባጠበ እንዲያድር አድርጉ፣ በእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁም ሣጥን ክፈቱ። ዋናው የውኃ መዝጊያ የት እንዳለ ዛሬውኑ እወቁ። አፓርትማ ከሆነ ቢሮውን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ምግብና መድኃኒት። በዚህ ነገር እኛ ሀብታሞች ነን። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ! እሳት የማይፈልግ፣ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ስንቅ አባቶቻችን ሠርተው አቆይተውልናል። ለስኳርና ለደም ግፊት የሚወሰድ መድኃኒት ቢያንስ የሳምንት ይኑራችሁ። በመብራት የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠቀም ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ መብራት ቢጠፋ የት እንደምትወስዱት አስቀድማችሁ ወስኑ።

አራተኛ፣ ሙቀት። ይህን ደግማችሁ አንብቡልኝ። ከሰል ቤት ውስጥ አይነድድም! ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ብዙዎቻችን ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥለን ጭሱ ሲያልፍለት ማስገባት ለምደናል፤ የሚጎዳው ጭሱ ይመስለናል። አይደለም። ፍሙ ቀልቶ፣ ጭሱ ጠፍቶም መርዙ ይወጣል። እዚህ ያለው ቤት ደግሞ ሙቀት እንዳያመልጥ የተደፈነ ነው። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ነው፤ ሰው «ቡና አጥቼ ነው» ብሎ ተኝቶ ይቀራል። በዚያ ማዕበል ቤታቸውን ለማሞቅ ብለው በዚህ መርዝ ካለቁት መካከል የእኛው ወገኖችም አሉ። ከቤት ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ መኪና አታስነሱ፤ የጋራዡ በር ክፍት ቢሆንም። በጋዝ ምድጃ ቤት አታሙቁ። ጄኔሬተር ከቤት ቢያንስ 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ይራቅ። በባትሪ የሚሠራ የዚህ መርዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግዙ። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ክፍል ይሰብሰብ፤ የበሩን ሥር በፎጣ ድፈኑ፣ ልብስ ደራርቡ፤ በሻማ ፈንታ የእጅ ባትሪ ተጠቀሙ፣ ባትሪ ድንጋዩንም አስቀድማችሁ ግዙ።

አምስተኛ፣ መንገድ። መብራቱ ከመጥፋቱ አራት ቀን በፊት፣ በፌብሩዋሪ 11 ንጋት ላይ፣ ፎርት ዎርዝ ውስጥ ከ130 በላይ መኪናዎች ተጋጭተው ስድስት ሰዎች ሞተዋል። ከመካከላቸው ወደ ሥራ የሚሄዱ ነበሩ። አስፋልቱ ላይ የተጋገረው በረዶ እርጥብ መንገድ ይመስላል እንጂ አይታይም። ድልድይ ደግሞ ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ታክሲ የምትነዱ፣ የጭነት መኪና የምትነዱ፣ ሌሊት የምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ የቤት ኪራይ እንዳለባችሁ አውቃለሁ። ግን የአንድ ቀን ገቢ ተመልሶ ይገኛል፤ አባት ግን አይገኝም። የግድ ከወጣችሁ ነዳጅ ሙሉ፣ ብርድ ልብስና ውኃ ያዙ። በረዶ ውስጥ ከቆማችሁ ከመኪናው አትራቁ። የጭስ ማውጫውን ከበረዶ አጽዱ፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ሞተሩን በሰዓት ለአሥር ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ።

ስድስተኛ፣ ሰው። ዛሬ ማታ ወረቀት አውጡና የሦስት ሰዎችን ስም ጻፉ። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት፣ በቅርብ የመጣ ቤተሰብ፣ አራስ ያለችበት ቤት። ማዕበሉ ሳይመጣ ደውሉ። መብራት ሲጠፋ እንደገና ደውሉ። ካላነሱ ጎረቤታቸውን ላኩ፣ ወይም 911 ጥሩ። «እጸልይላቸዋለሁ» ብሎ አለመደወል ያዕቆብ በመልእክቱ የገሠጸው ነገር ነው፤ ለተራበና ለታረዘ ሰው ሙቀትን ተመኝቶ ባዶውን መስደድ። የቤት ለቤት ኅብረቶቻችን ይህን ዝርዝር ይያዙ። አልጋና ማሞቂያ ያለው ቤት ክፍት ይሁን። መጠለያ ለማግኘትም 211 ብትደውሉ ይነግሯችኋል።

አሁን ወደማይካፈለው ልመለስ። ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢ እኅቴ፣ በጓዳህ ውኃና በሶ ሞልቶ፣ በልብሽ ግን ዘይት ላይኖር ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ትመጣለህ፣ መዝሙሩን ታውቂዋለሽ፣ መብራቱ በእጅ ነው። ስንት ጊዜ ቃሉን ሰምተህ «አዎ፣ አንድ ቀን» ብለህ ተመለስክ? ከወንድምሽ ጋር የተጣላሽው ስንት ክረምት አለፈው? ማዕበል ቀን ቆጥሮ ይነገራል፤ ሬዲዮው አምስት ቀን ቀድሞ ይነግረናል። የጌታን ቀን ግን ማንም ቀድሞ አይነግርህም። ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው። ክርስቶስ በመስቀል ላይ የከፈለው ዋጋ ለአንተም ለአንቺም ነው፤ ዘይቱ በነፃ የሚሰጠው አሁን ነው።

አብረን እንጸልይ።

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ አንተን ሳልይዝ የኖርኩበትን ዘመን ይቅር በለኝ። ኃጢአቴን በደምህ እጠብ። ዛሬ ጌታዬና አዳኜ አድርጌ እቀበልሃለሁ። መብራቴን በመንፈስህ ሙላ። ደግሞም በብርድና በጨለማ ያሉትን እንዳልረሳ ልብ ስጠኝ። በሩን የማንኳኳበት ብርታት ስጠኝ። በስምህ፣ አሜን።

ይህን ጸሎት ከልባችሁ ከጸለያችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ላለ አገልጋይ ዛሬውኑ ንገሩ። ከዚያም ስልኩን አንሡና ከዝርዝሩ የመጀመሪያዋን እናት ጥሩ። «እማማ፣ ውኃ አለዎት? ከሰል ቤት ውስጥ እንዳያነድዱ» በሏቸው። ማንም አልነገረኝም የሚል ሰው በመካከላችን አይገኝ።

ጌታ ይባርካችሁ።