ኒሻኑና የወደቁት ልጆቻችን

ለነጻነት በዓል በሬዲዮ የተሰጠ ቃል

የእስራኤል አምላክ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን።  ከበዓሉ አስቀድሞ የመታሰቢያው ቀን ዮም ሃዚካሮን ስላለ፣ ዛሬ የምንናገረው ስለ ወደቁት ወታደሮች፣ ለእነርሱም ስለሚሰጠው ኒሻንና ሪባን ነው።

ልጃቸው የሞተባቸው ወላጆች «ብረት ምን ያደርግልናል?» ሲሉ እንሰማለን። ያዘነ ሰው ቃል ነውና አንቆጣም። ነገር ግን ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል።

ክኔሴት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ባወጣው ሕግ ሦስት ኒሻኖች ተደነገጉ። ከሁሉ የሚበልጠው ኢቱር ሃግቩራ ሪባኑ ቢጫ ነው፤ ናዚዎች ወንድሞቻችንን ሊያዋርዱ በልብሳቸው ላይ ያስሰፉትን ቢጫ ምልክት ያስታውሳል። የውርደቱ ቀለም የክብር ቀለም ሆነ። ኢቱር ሃኦዝ ስለ ፈሰሰው ደም ቀይ ነው፤ ኢቱር ሃሞፌት ሰማያዊ ነው። ከሕጉ በፊትም በ1949 ለ12 ተዋጊዎች «የእስራኤል ጀግና» የሚል ማዕረግ ተሰጥቶ ነበር፤ ከእነርሱም ከሞቱ በኋላ የተሸለሙ አሉ። በየጦርነቱ ለተካፈሉት የሚሰጠው የጦርነት ሪባን ግን ሌላ ነው፤ ከእነዚህ ጋር አይደባለቅ።

ኦሪት በልብሳችን ጫፍ ሰማያዊ ፈትል እንድናደርግ ያዘዘችን፣ አይተን ትእዛዙን እንድናስብ ነው። ኢያሱም ከዮርዳኖስ አሥራ ሁለት ድንጋይ ያስወጣው፣ ልጆች ምንነቱን ሲጠይቁ አባቶች እንዲነግሯቸው ነበር። ምልክት ጠያቂና ተናጋሪ ይፈልጋል። በጎንደር አገር በለቅሶ ላይ የሟቹ ልብስና ጠመንጃ ይወጣ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ፤ አልቃሿም ያንን እያነሣች ሥራውን ትናገር ነበር። ጠመንጃው ብቻውን ቢቀመጥ ማን ያለቅስ ነበር? በሚያዝያ 27 ቀንም አርበኞች ኒሻናቸውን በደረታቸው ደርድረው ሲወጡ፣ ሕፃናቱ እየተከተሉ «ይህ የየት ነው?» ይሏቸው ነበር።

እዚህ ግን በአንዳንድ ቤት ኒሻኑ በሣጥን ተቆልፎበታል። እናት ስታየው ታለቅሳለች፤ አባት ዕብራይስጡን አያነብም፤ የልጅ ልጆች አማርኛ አይሰሙም። ስለዚህ ማንም አይናገርም። እኛ ቄሶች ሣጥኑን ክፈቱት እንላለን። የልጅ ልጃችሁ የተጻፈውን ያንብብላችሁ፤ እናንተም ያልተጻፈውን ንገሩት። ወረቀቱ ውጊያውን ይናገራል። የማን ልጅ እንደ ነበር እስከ ሰባት ቤት ዘሩን፣ በልጅነቱ ምን እንደሚያስቀው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ከቤት ሲወጣ ምን እንዳለ ግን ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ቋንቋው ቢያስቸግር ጎረቤት ይተርጉም።

ኒሻን ያላገኘውስ? የሚበዙት እነርሱ ናቸው። በጻሃል መቃብር የጄኔራሉና የተራው ወታደር ድንጋይ አንድ ዓይነት ነው። ለመታሰቢያውም ቀን በየመቃብሩ ጥቁር ሪባን የታሰረባት ትንሽ ሰንደቅ ዓላማ ትተከላለች። እርሷን ለማግኘት ማንም አልተመረጠም፤ በ2023 በተጀመረው ጦርነት ለወደቁት የቤተ እስራኤል ልጆችም ያችው ናት። በሱዳን መንገድ የቀሩት 4,000 ያህል ወገኖቻችን ኒሻንም፣ ብዙዎቹም የታወቀ መቃብር የላቸውም፤ በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋልና በኢየሩሳሌም ቀን በዚያ እናስባቸዋለን።

በዋዜማው፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት ጽፊራው ለአንድ ደቂቃ፣ በማግስቱም ጠዋት 11 ሰዓት ለሁለት ደቂቃ ይጮኻል። ከፍ ዝቅ የማይል አንድ ድምፅ ስለ ሆነ ደንግጣችሁ ወደ መጠለያ አትሩጡ። መቆም የሚችል ይቁም፤ ጉልበቱ የደከመ ተቀምጦ ያስብ። እግዚአብሔር ያዘኑትን ያጽናና።