ስለ ምድር ባቡር ኩባንያ አመሠራረትና ስለ ድሬዳዋ መቆርቆር የተደረገ ንግግር



ድሬዳዋ ሐዲድ የወለደው ከተማ መሆኑን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ሐዲዱን ያመጣው ኩባንያ እንዴት ያለ ኩባንያ እንደ ነበረ፤ ገንዘቡም ከማን እጅ እንደ ወጣ ብዙ ጊዜ ሲነገር አይሰማም። የነገሩ ሥር ግን ያለው ከድልድዩና ከዋሻው ይልቅ በገንዘቡ ላይ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ባቡር ከመምጣቱ በፊት ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ የሚጓዝ ነጋዴ በግመልና በበቅሎ ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጅበት ነበር። ግርማዊ ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ችግር በመመልከት በ1885 ዓ.ም. የስዊስ ተወላጅ የሆነው መሐንዲስ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ነገር እንዲያጠና ፈቀዱለት። በመጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ደግሞ ለ99 ዓመት የሚጸና የውል ፈቃድ ተሰጠው። በውሉ መሠረት ሥራው በሦስት ክፍል የተመደበ ነበር፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፤ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፤ ሦስተኛው ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ የሚዘረጋ ነው። ከሐዲዱም ጋር የቴሌግራፍ ሽቦ እንዲዘረጋ ታዟል። ኢልግ ሊዎን ሼፍኖ ከተባለው የፈረንሳይ ነጋዴ ጋር ሆኖ በ1888 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ «የኢትዮጵያ ምድር ባቡር የንጉሠ ነገሥት ኩባንያ» የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። ስሙ የንጉሠ ነገሥት ይሁን እንጂ ካዝናው ባዶ ነበር ቢባል ከእውነቱ የራቀ አይሆንም።

ሥራው በጥቅምት ወር 1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ገና ከመነሻው በሸበሌና በሆልሆል ሸለቆዎች ላይ ከፍተኛ የብረት ድልድዮች ማቆም ግድ ሆነ። ውኃ የሌለበት በረሃ ነውና ለሠራተኛው የሚጠጣውም ውኃ ከሩቅ መጫን ነበረበት። ምድሩ ኢሳዎች ከብትና ግመል የሚያሰማሩበት ስለ ሆነ ግጭትም አልቀረም፤ ከሠራተኞቹ ሕይወታቸውን ያጡ አሉ። ወጪው ከታሰበው በላይ እየሆነ ሄደ። በፓሪስም አክሲዮኑን የሚገዛ ሰው ጠፋ።

ኩባንያው ሲቸግረው ወደ ለንደን ፊቱን አዞረ። የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች እያበደሩና አክሲዮን እየገዙ ገቡበት፤ በ1893 ዓ.ም. ድርሻቸውን በአንድ ማኅበር ሰበሰቡ። የፈረንሳይ መንግሥት ይህን ባየ ጊዜ ሐዲዱ ከእጁ የሚወጣ ስለ መሰለው በጥር ወር 1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ውል አደረገ፤ ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊሰጥ፤ በለውጡም በኩባንያው ሥራ ላይ የመቈጣጠር ሥልጣን ሊያገኝ ተስማማ። ፈቃዱን የሰጡት ምኒልክ ግን አልተጠየቁም። ለአንድ ነጋዴ ማኅበር የተሰጠ ፈቃድ ባለቤቱ ሳያውቅ ወደ ባዕድ መንግሥት እጅ ማለፉ ነውና፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሉዓላዊነት ላይ የተደረገ ድፍረት አድርገው ቢቈጥሩት የሚያስደንቅ አይደለም።

በዚህ መካከል መሐንዲሶቹ ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ብዙ ገንዘብ እንደሚፈጅ ተረዱ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት ከተራራው ግርጌ ያለው ሜዳ 1,200 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ጥንታዊቱን ከተማ ትተው በደቻቱ ወንዝ ዳር ጣቢያ አቆሙ። ባቡሩ 310 ኪሎሜትር ያህል ተጉዞ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ደረሰ። ሥፍራው በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን የአገሬው ስም ድሬዳዋ አሸንፎ ቀረ። በወንዙ ወዲህ ኩባንያው መንገዶቹን ቀጥ አድርጎ የቀየሰው ከዚራ፤ በወዲያ ማዶ ገበያው ያለበት መጋላ ተቈረቈሩ።

ምኒልክ ሐዲዱ ከዚያ እንዳያልፍ ከለከሉ። ከተማው ለብዙ ዓመት የመንገዱ መጨረሻ ሆኖ የቈየውና የነጋዴው ሁሉ መራገፊያ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የድሬዳዋ ብልጽግና በከፊል የዚያ ጠብ ፍሬ ነው ማለት ይቻላል። ኩባንያው ግን ከሰረ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፤ ፈረንሳይና ኢጣልያ በለንደን ተዋውለው የኢትዮጵያን የባቡር መንገዶች በመካከላቸው ሲከፋፈሉ፤ ምኒልክ ስለ ማስታወቃቸው አመስግነው፤ ውሉ ግን ሥልጣናቸውን የማይወስን መሆኑን ገለጹ። በዚያው ዓመት የኩባንያው ንብረት በፍርድ ተጣርቶ ኩባንያው ፈረሰ።

አዲሱ ፈቃድ በጥር ወር 1900 ዓ.ም. የተሰጠው ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም፤ የጓድሉፕ ተወላጅ ለሆነው ለዶክተር ቪታልየን ነበር። ከእርሱም ወደ ፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተላለፈ። ይህ ኩባንያ ገንዘብ ስለ ነበረው የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩን ከአዲስ አበባ አደረሰ፤ የመንገዱም ርዝመት በሙሉ 784 ኪሎሜትር ሆነ። የአዲስ አበባ ትልቁ ጣቢያ የተመረቀው ግን በ1922 ዓ.ም. ነው።

የባለቤትነቱ ነገር መልክ የያዘው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። በኅዳር ወር 1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም የአክሲዮኑን ግማሽ ያዘ። ጅቡቲ ነፃ ከወጣች በኋላ ደግሞ በ1973 ዓ.ም. በተፈረመው ውል የፈረንሳይ ድርሻ ቀርቶ ንብረቱ የሁለቱ ጎረቤት አገሮች ሆነ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰፊ ሐዲድ ጣቢያውን ያቆመው ከከተማው ውጭ ነው።