ከጤና ቢሮ የተደወለ ስልክ፦ ስለ ተላላፊ በሽታ ሪፖርትና ስለ ለይቶ ማቆያ ትዕዛዝ

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከወትሮው ፖለቲካችን ራቅ ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ለእኔ ግን መንግሥት ጤነኛ የሚመስልን ሰው "ከቤትህ አትውጣ" የማለት ሥልጣኑን ከየት አገኘው የሚለው ጥያቄ ዋናው ፖለቲካ ነው።

በሰሜን ቨርጂኒያ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወገናችንን አስቡ። ሳሉ ወር አልፎት ሐኪም ቤት ሄደ፤ አክታው ተመረመረ፤ የሳንባ ቲቢ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከካውንቲው ጤና ቢሮ ስልክ ተደወለለት። የመጀመሪያ ድንጋጤው የበሽታው አይደለም። "ስሜን ማን አሳልፎ ሰጠኝ?" የሚል ነው።

ስሙን የሰጠው ሕጉ ነው። በቨርጂኒያ ሐኪሙም ላቦራቶሪውም ሪፖርት የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ቲቢና ኩፍኝን የመሳሰሉት ወዲያውኑ ይነገራሉ፤ ሌሎቹ በአብዛኛው በ3 ቀን ውስጥ። የታካሚው ፈቃድ አይጠየቅም። የሕክምና ምሥጢርን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ ራሱ ይህንን በር ክፍት ትቶታል። ሪፖርቱ ግን የሚሄደው ለጤና ቢሮ ነው። የቢሮው ሥራ አብረውት የዋሉትን ፈልጎ ማስመርመርና መድኃኒቱ በትክክል መዋጡን ማረጋገጥ ነው፤ ሲያስመረምርም የታማሚውን ስም ለሌሎቹ አይናገርም።

ታዲያ ወገናችን ለምን ይሸሻል? ጎበዝ፣ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ከእኛ መካከል ብዙው በባሕረ ሰላጤው አገሮች በኩል ያለፈ ነው፤ እዚያ በጤና ምርመራ መውደቅ የመኖሪያ ፈቃድ እስከማሳጣት ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥም ግሪን ካርድ የሚጠይቅ ሰው የሚተላለፍ ቲቢ ከተገኘበት ጉዳዩ እስኪታከም ድረስ ይቆማል። ነገር ግን ይቆማል እንጂ ስለታመመ ብቻ ለዘለዓለም አይዘጋም። መንገዱን የሚከፍተው መታከሙ ነው። ተደብቆ የሚቆይ ሰው ቤተሰቡንም ያስይዛል፣ ፋይሉንም እዚያው ያስቀምጠዋል።

ሌላው የፍርሃት ምንጭ አገር ቤት ነው። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ፣ በ2009 ደግሞ በሶማሌ ክልል ሰው በተቅማጥና በትውከት ሲረግፍ የመንግሥት መግለጫ "አተት" ነበር የሚለው። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት! ይህ ምልክት ነው እንጂ የበሽታ ስም አይደለም። ኮሌራ የምትለዋ ቃል ንግድንና ቱሪዝምን፣ የመንግሥትንም ገጽታ ትነካለች ተብላ ተቀበረች። በአገሪቱ የጤና መመሪያ ግን አስቸኳይ በሽታ ከቀበሌ ተነስቶ በየእርከኑ በ30 ደቂቃ ወደ ላይ መነገር አለበት። እንግዲህ ገጠር ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በግማሽ ሰዓት እንድትናገር ትገደዳለች፤ ሚኒስቴሩ ወራት ሙሉ ስሙን ይሸሽጋል። በኋላ ኮሌራ በስሙ መጠራት ጀመረ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ ሲከሰትም ማርበርግ ነው ተብሎ በግልጽ ተነገረ። ይህንን ስናይ ደግሞ መልካም ነው ማለት አለብን። ስንነቅፍ ብቻ የምንታይ ከሆነ ማን ያምነናል?

ወደ ታክሲ ነጂያችን እንመለስ። የታመመውን መለየት አንድ ነገር ነው፤ ገና ያልታመመውን፣ ከታማሚ ጋር የዋለውን ማቆየት ሌላ ነው። በ2012 "ወሸባ" የሚል ስም የወጣለት ይህ ሁለተኛው ነው። ለምሳሌ ለኩፍኝ የተጋለጠና ያልተከተበ ሰው ለ21 ቀን ቤቱ እንዲቆይ ሊታዘዝ ይችላል። በቨርጂኒያ የኳራንቲን ትዕዛዝ የሚሰጠው የግዛቱ ጤና ኮሚሽነር ነው፤ አውቆ የጣሰ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። በሌላ በኩል ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ይግባኙ ከገባ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤቱ መስማት አለበት። ጠበቃ መቅጠር ለማይችልም ጠበቃ ይመደብለታል።

ይህ መብት በነጻ አልመጣም። ሜሪ ማለን የምትባል የአየርላንድ ስደተኛ፣ ኒውዮርክ ውስጥ የሰው ቤት ወጥ ቤት፣ ራሷ ሳትታመም የታይፎይድ ተሸካሚ ናት ተብላ በ1907 እ.ኤ.አ. ደሴት ላይ ተዘጋባት። በ1910 ወጥ እንዳትሠራ ቃል አስገብተው ለቀቋት። ሌላ ሥራዋ ያን ያህል እንጀራ አልሆናትም፤ ስሟን ለውጣ ወደ ወጥ ቤት ተመለሰች፤ ሰው ታመመ። በ1915 እንደገና ተይዛ እስክትሞት፣ እስከ 1938 ድረስ፣ እዚያው ቀረች። ተመልካቾቼ፣ እሷ ብቻ ናት ጥፋተኛዋ? ሥራዋን የነጠቃት መንግሥት በምትኩ ምን ሰጣት? በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሴራሊዮን ኢቦላ ስታክም ቆይታ የተመለሰችን ነርስ ኒውጀርሲ ድንኳን ውስጥ ዘጉባት። ሜይን ስትገባ የግዛቱ ዳኛ ምልክት ስላላሳየች ቤት መዘጋት አያስፈልጋትም፣ ክትትሉ ይበቃል ብሎ ወሰነ። ያንን ውሳኔ ያስገኘው በዳኛ ፊት መሟገቷ ነው፤ ሸሽታ ብትጠፋ ኖሮ የሚሰማት አልነበረም።

የእንጀራው ነገር ዛሬም አልተፈታም። ለራሱ የሚነዳ ሾፌር የሕመም ፈቃድ የለውም፤ መኪናው ቆመ ማለት የቤት ኪራዩ ቆመ ማለት ነው። አገር ቤትም በ2012 መጋቢት ከውጭ የገባው መንገደኛ 14 ቀኑን በራሱ ወጪ ሆቴል እንዲቆይ ተደረገ፤ ከሳዑዲ የተባረሩት ወገኖቻችን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታጎሩ። "ተቀመጥ" ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ የሚቀመጠው ሰው የሚበላውን ያላሰበ ትዕዛዝ ግን ራሱ ሕግ አስጣሽ ነው። አንዳንድ ጤና ቢሮዎች ለቲቢ ሕሙማን ለምግብና ለኪራይ የሚሆን ድጋፍ አላቸው። ሳትጠይቁ ማንም አይነግራችሁም። እድሮቻችንስ? ለለቅሶ በአንድ ምሽት ይህን ያህል ገንዘብ የሚያዋጣ ማኅበረሰብ ለ21 ቀን ቤት ለዋለ ሰው ለምን አያዋጣም? ሞቶ እስኪያየው ነው የሚጠብቀው?

ስልኩ ከተደወለላችሁ አንሱት። የደዋዩን ስምና ቢሮ ጻፉ፤ ከጠረጠራችሁ ዝጉትና በካውንቲው ይፋዊ ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ክፍያ የለውም፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ደብዳቤ ከመጣ ማን እንደፈረመው፣ ስንት ቀን እንደሚል፣ ይግባኝ የት እንደሚቀርብ ተመልከቱ። ከማን ጋር እንደዋላችሁ ሲጠይቋችሁም የሥራ ቦታችሁን ብቻ ነግራችሁ አትለፉ፤ እሁድ የሄዳችሁበትን ክርስትናና ቡና አብራችሁ የጠጣችሁባቸውን ጎረቤቶችም ንገሯቸው። እስከሚቀጥለው ሳምንት በቸር ያቆየን።