«ገና መሆኑን ያውቃሉ?»፦ በጥሩ ጉሮሮ ስለተበላሸ ዘፈን



መጥፎ ዘፈን ሲባል ቶሎ የሚታወሰን መጥፎ ድምፅ ነው። በዚህ በኩል ዘውዱን የደፋችው አሜሪካዊቷ ፍሎረንስ ፎስተር ጄንኪንስ ናት። ባለጸጋ ነበረች፤ ሸክላዋን በገዛ ገንዘቧ አስቀረጸች። የሞዛርትን አስቸጋሪ የኦፔራ ዜማ ሽቅብ ስታሳድደው ዜማው በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ይሄዳሉ። በጥቅምት 1937 ዓ.ም. በኒው ዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ስትዘፍን ግን ቲኬቱ ተሸጦ አልቆ ነበር። ሰው ሊስቅ መጣ፤ ስቆም ሄደ። እኔ አልፈርድባትም። ጉሮሮ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ቅኝት የሳተ ዘፋኝም ቢበዛ የጎረቤቱን ጆሮ ቢያስቀይም ነው። እዚህ ቦሌ፣ በየላውንጁ፣ ትዝታን በኪቦርድ ምት ላይ ጭነው የሚያስጋልቡትን ወንድሞቻችንንም በዚሁ ሒሳብ ምሬያቸዋለሁ።

የማልምረው ሌላ ነው። የፈረንጆች ገና ሲቃረብ ከቦሌ ሞሎችና ሆቴሎች ስፒከር ከሚለቀቁት ዘፈኖች መካከል አንዱ የባንድ ኤይድ «ዱ ዜይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ?» ነው። «ገና መሆኑን ያውቃሉ?» እያለ ይጠይቃል። ያውቁ እንደሆነ የሚጠየቅላቸው «እነሱ» ደግሞ እኛው ነን። ከቦሌ መድኃኔዓለም ካቴድራል አጠገብ ማኪያቷችንን ይዘን ተቀምጠን፣ ገና የሚባል ነገር ሰምተን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ይጠየቅልናል።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ የያዘው መሐመድ አሚን ከኮረም ስለ ረሃቡ ባስተላለፉት ዘገባ ነው። አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍ ዘገባውን አይቶ ደነገጠ፤ ከሚጅ ዩር ጋር ሆኖም ዘፈኑን ጻፈ። ኅዳር 16 ቀን ለንደን ኖቲንግ ሂል በሚገኘው ሳርም ስቱዲዮ የዘመኑ ከዋክብት ተሰበሰቡ። ስቲንግ፣ ጆርጅ ማይክልና ቦኖ ዘፈኑ፤ ፊል ኮሊንስ ከበሮውን መታ፤ ቦይ ጆርጅ ዘግይቶ ከኒው ዮርክ በኮንኮርድ ደረሰ። እንግዲህ ከጉሮሮም ከቀረጻም የጎደለ አልነበረም። የጎደለው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል «የምንዘፍንላቸው ሰዎች እነማን ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ ነው።

ግጥሙን ላለመጥቀስ ሐሳቡን ብቻ ልንገራችሁ። በዚህ ገና አፍሪካ ውስጥ በረዶ አይጥልም ሲል ያዝናል። በረዶ ስላልወረደለት የሞተ ወሎዬ አላውቅም። ዝናብም ወንዝም የሌለበት አገር እንደሆንንም ይነግረናል። ዝናቡ በዚያ ዓመት በእርግጥ ከድቶናል። ወንዙን በተመለከተ ግን ግብፅን መጠየቅ ይቻል ነበር፤ እዚያ ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ የሚወርደው ከእኛ ተራሮች ነው።

ዋናው ጥያቄ ግን ርዕሱ ላይ ያለው ነው። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። ላሊበላም ወሎ ነው። በቤተ ማርያም ቅጥር ካህናቱ በገና ዕለት «ቤዛ ኩሉ» የሚሉበት፣ ምእመኑ ከየአገሩ በእግሩ የሚጎርፍበት ስፍራ ማለት ነው። የአክሱም ነገሥታት ክርስትናን የተቀበሉት በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ አውግስጢኖስ የኬንትን ንጉሥ ሊያስተምር እንግሊዝ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ597 ነው። የቀደመው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ከተራቡት መካከል ብዙዎቹ ደግሞ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ገናን ቢያውቁትም በዓላቸው አልነበረም። በዚህ ላይ የዘፈኑ ገና የዋለው ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። ስለዚህ «ያውቃሉ?» ለሚለው ትክክለኛው መልስ «ገና 13 ቀን ይቀረዋል» የሚል ነበር።

አሜሪካኖቹም አልተሻሉም። ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሆሊውድ ውስጥ ለዚሁ ረሃብ «ዊ አር ዘ ወርልድ» ሲቀረጽ ስቲቪ ወንደር አንድ ስንኝ በስዋሂሊ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ። የካንትሪ ሙዚቃ አቀንቃኙ ዌይለን ጄኒንግስ ስቱዲዮውን ትቶ ወጣ። በመጨረሻ ኢትዮጵያውያን ስዋሂሊ አይናገሩም የሚል ሰው ተገኘ፤ እሱም ከለንደን የመጣው ጌልዶፍ ነበር። አንዳንድ ነገር ተምሮ ነበር ማለት ነው። በዚያ ሌሊት ሁለት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ለማመስገን ስቱዲዮው ውስጥ ተገኝተው ነበር፤ እነሱን መጠየቅ ይቻል ነበር።

የባንድ ኤይድ ዘፈን በዚያው ቢቀር ይቅር ባልን ነበር። እነሱ ግን ደጋገሙት። በ1982 ዓ.ም. ካይሊ ሚኖግና ጓደኞቿ የዳንስ ቤት ምት አልብሰው ዘፈኑት። በ1997 ዓ.ም. ራፕ ጨመሩበትና ለዳርፉር ሰጡት። ዳርፉር! ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ ስለ ገና የሚጠየቀውም ያው ሕዝብ ነው። በ2007 ዓ.ም. ለኢቦላ ሲሉ ጥቂት ስንኞች ለወጡ፤ ርዕሱን ግን አልነኩም። ከተጠቁት አገሮች አንዷ ላይቤሪያ ደግሞ አብዛኛው ሕዝቧ ክርስቲያን ነው። ያኔ የጋና ዝርያ ያለው ዘፋኝ ፊውዝ ኦዲጂ ግጥሙን አይቶ «አልዘፍንም» አለ። በዚያ ቅጂ የተሳተፈው ኤድ ሺራንም ከ10 ዓመት በኋላ ድምፁ በአዲሱ ቅንብር ሲገባ ቢጠየቅ ኖሮ እንደማይፈቅድ ተናገረ።

ስቄ ብቻ ብሄድ ግን ግፍ ይሆናል። ሸክላው በብሪታንያ ብቻ ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ ገንዘቡም ለእርዳታ ውሏል። ዘፈኑ መጀመሪያ በተቀረጸበት በዚያው ኅዳር የብሪታንያ አየር ኃይል ሄርኩሊስ አውሮፕላኖች እዚሁ ቦሌ ሰፍረው እህል ያመላልሱ ነበር። ውለታውን ዘፈኑ ውስጥ አልከተውም፤ የዘፈኑንም ጥፋት በውለታው አልሸፍነውም። ጌልዶፍ ራሱ ይህንንና «ዊ አር ዘ ወርልድ»ን ከታሪክ መጥፎ ዘፈኖች ተራ መድቧቸዋል። ባለቤቱ ከፈረደ እኔ ምን እጨምራለሁ?

ረሃብን መዝፈን አይቻልም የሚለኝ ካለ «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን ያዳምጥ። ጥላሁን ገሠሠ ስለ ተራበ ወገኑ ሲዘፍን የሚዘፍንላቸውን ሰዎች ያውቃቸው ነበር፤ ስለዚህም ማንም አይስቅበትም።

እናንተ የቦሌ ሆቴልና ሞል ባለቤቶች፣ ልመናዬ ትንሽ ነው። ለእንግዶቻችሁ የፈረንጅ ገና ዘፈን ማሰማታችሁን አልቃወምም፤ የሚያምሩ አሉበት። ይህን አንዱን ብቻ ከዝርዝራችሁ አውጡልን። ታኅሣሥ 29 ሲደርስም የገና ዝማሬዎቻችንን ክፈቱ፤ ጠያቂው ያን ጊዜ መልሱን ይሰማል።