ልጅ ክላስ ከወላጁ የማይወርሰው



የዛሬው ንግግሬ በሥራችን ዘወትር የምንገለገልበትን፣ አካሄዱን ግን እምብዛም የማንመረምረውን ጉዳይ ይመለከታል፤ ይኸውም አንድ ክላስ ከሌላው ሲወርስ ኮንስትራክተሮቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠሩ ነው።

«ውርስ» የሚለው ቃል ራሱ በመጠኑ ያሳስታል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውርስ የሚከፈተው አውራሹ ሲሞት ነው። በፕሮግራም ግን ወላጁ አይሞትም፤ እንዲያውም ልጁ በተፈጠረ ቁጥር የወላጁ ክፍል አብሮ በውስጡ ይፈጠራል። «የቁጠባ ሂሳብ» የተባለ ክላስ «ሂሳብ» ከተባለው ቢወርስ፣ እያንዳንዱ የቁጠባ ሂሳብ በውስጡ አንድ ሙሉ ሂሳብ ይዞ ይገኛል። ለዚህ ለውስጠኛው ክፍል የመጀመሪያ ይዞታውን የሚሰጠው የወላጁ ኮንስትራክተር ነው።

የሐሳቡ መነሻ ኦስሎ ነው። ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ በኖርዌይ የኮምፒዩተር ማዕከል ባዘጋጁት ሲሙላ 67 በተባለው ቋንቋ፣ ኮንስትራክተር የሚባል የተለየ ክፍል አልነበረም፤ ኦብጀክቱ ሲፈጠር በክላሱ ውስጥ የተጻፉት ትእዛዞች ራሳቸው ይፈጸሙ ነበር፤ የወላጁ በቅድሚያ፣ የልጁ ለጥቆ። ቢያርነ ስትሮውስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1979 በቤል ላቦራቶሪ የጀመሩትና ኋላ ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው ቋንቋ ኮንስትራክተርን ራሱን የቻለ ክፍል ቢያደርገውም ይህን ሥርዐት ጠብቋል። ኦብጀክቱ ሲፈርስ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቤት ከመሠረቱ ተሠርቶ ከጣሪያው እንደሚፈርስ ሁሉ፣ ልጁ ቀድሞ ወላጁ በኋላ ይፈርሳል።

ልጁ የወላጁን ሜተዶች ይወርሳል፤ ኮንስትራክተሩን ግን እንዲሁ አይወርስም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተራው ሂሳብ ኮንስትራክተር ስለ ወለድ መጠን የሚያውቀው ነገር ስለሌለ፣ ልጁ የጨመረውን ሊያሰናዳለት አይችልም።

አደጋው ያለው ወላጁ ተሰናድቶ ልጁ ገና ባልተሰናዳበት በዚያ አጭር ጊዜ ነው። ለምሳሌ ያህል የ«ሂሳብ» ኮንስትራክተር የመክፈቻ ገንዘቡን 1,000 ብር ከመዘገበ በኋላ «የዓመት ወለድ አስላ» የተባለውን ሜተድ ጠርቶ ውጤቱን በመዝገብ ያሰፍራል እንበል። «የቁጠባ ሂሳብ» ደግሞ ይህን ሜተድ በራሱ መንገድ እንደገና ጽፎ፣ በኮንስትራክተሩ በሚሞላው የ7 በመቶ መጠን ያባዛል። የሚጠበቀው 70 ብር ነው። በጃቫ የሚጠራው የልጁ ሜተድ ነው፤ ነገር ግን የወለድ መጠኑ ገና ስላልተሞላ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ በመዝገቡ የሚሰፍረው 0 ይሆናል። በሲ ፕላስ ፕላስ ግን በዚያች ሰዓት ኦብጀክቱ ገና ተራ ሂሳብ ተብሎ ስለሚቆጠር፣ የሚሠራው ለተራ ሂሳብ የተጻፈው ስሌት ነው። በሁለቱም ኮምፓይለሩ ሥራውን ይቀጥላል፤ ፕሮግራሙም አይቆምም።

ከዚህ የከፋው ቀጥሎ ያለው ነው። ወዲያው የልጁ ኮንስትራክተር ተራው ደርሶ መጠኑን 7 በመቶ ያደርገዋል። ስሕተቱን ሊፈልግ የተነሣ ባለሙያ ኦብጀክቱን ሲመረምር መጠኑን ትክክል ሆኖ ያገኘዋል፤ ሜተዱንም እንደገና ቢጠራው 70 ይመልስለታል። ደንበኛው ግን በመዝገብ ያለው 0 ነው። በእኔ አስተያየት፣ ያልተሰናዳን ነገር የማያስነካው የሲ ፕላስ ፕላስ ምርጫ ይሻላል፤ ዳሩ ግን እርሱም ቢሆን 70 ብሩን አይሰጠንም።

መፍትሔው ኮንስትራክተሩን በማሰናዳት ሥራ ብቻ መወሰን፣ ልጆች ሊለውጡት የሚችሉትን ሜተድ ከዚያ ውስጥ አለመጥራት፣ ወለዱንም ኦብጀክቱ ተፈጥሮ ካበቃ በኋላ ማስላት ነው። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ከቀረበ ጀምሮ የወላጁ ኮንስትራክተር ጥሪ የግድ የመጀመሪያው ትእዛዝ እንዲሆን ያስገድድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ጃቫ 25 ግን ልጁ ወላጁን ከመጥራቱ በፊት የራሱን ተለዋዋጮች እንዲሞላ ፈቅዷል።

ፓይተንን የምትጠቀሙ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል፤ ልጁ የራሱን ኮንስትራክተር ጽፎ የወላጁን ሳይጠራ ቢቀር፣ ቋንቋው በእርሱ ፈንታ አይጠራለትም፤ የሂሳቡ ክፍል ሳይሰናዳ ይቀራል። ሆኖም በኋላ ቀሪ ገንዘቡ ሲፈለግ የለም ብሎ ፕሮግራሙ ስለሚቆም፣ ይህ ስሕተት ዝም ብሎ ከተጻፈው ዜሮ ይልቅ ቶሎ ይገኛል።