ወርዶ መነሣት
(በትምህርት ቤታችን የልደት በዓል ዕለት በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ኢጣሊያ እግር ኳስ እንናገራለን ስንል፣ ስለ ታላላቆቹ ክለቦች መስሏችሁ ይሆናል። እኛ ግን የመረጥነው ሦስተኛውን ደረጃ፣ ሴሪ ሲን ነው።

ሴሪ ሲ የተጀመረው በ1935 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዛሬ 60 ክለቦች በ3 ምድብ ተከፍለው፣ በየምድቡ 20 ሆነው ይጋጠሙበታል። ኳስን ሙያቸው አድርገው ለያዙ ክለቦች የመጨረሻው ደረጃ ይህ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ሴሪ ዲ የአማተሮች ነው። በየዓመቱ 4 ክለቦች ወደ ሴሪ ቢ ይወጣሉ፤ ከግርጌ የቀሩት ወደ ሴሪ ዲ ይወርዳሉ። ስለዚህ በሩ ወደ ላይም ወደ ታችም ክፍት ነው።

በዚህ በር ያለፉ የሁለት ክለቦችን ታሪክ እንንገራችሁ።

ናፖሊ ከማራዶና ጋር በ1987 እና በ1990 የኢጣሊያ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው። በ2004 ግን ከስሮ፣ የቀድሞ ስሙን እንኳ አጥቶ፣ ከሦስተኛው ደረጃ እንዲጀምር ተደረገ። የከተማው ሰው «ወረደ» ብሎ አልከዳውም፤ ስታዲየሙን ይሞላለት ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ለማለፍ በተደረገው የመጨረሻ ግጥሚያ በአቬሊኖ ተሸነፈ። ተስፋ ሳይቆርጥ በ2006 አለፈ፤ በ2007 ሴሪ ኤ ገባ፤ በ2023 ከ33 ዓመት በኋላ እንደ ገና ሻምፒዮን ሆነ።

ሁለተኛው ፕሮ ፒያቼንሳ ነው። ደመወዛቸውን ያላገኙ ተጫዋቾች ጥለውት ስለ ሄዱ በ3 ግጥሚያዎች ሳይቀርብ ቀረ። አንድ ጊዜ ቢጨምር ይሰረዝ ነበርና፣ በየካቲት 2019 ከኩኔዎ ጋር ሲጋጠም 7 ወጣቶችን ብቻ አሰለፈ። ውጤቱ 20 ለ0 ሆነ፤ ክለቡም ከመሰረዝ አልዳነም። እኛ ያዘንነው ለእነዚያ ልጆች ነው። ጥፋቱ የታላላቆች ሲሆን፣ ኀፍረቱን የተሸከሙት እነሱ ናቸው።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከመካከላችን ክፍል የደገሙ አሉ። መድገም ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳያጠኑ ያጠኑ መስሎ መታየት ነው። እናንተም ወላጆቻችን፣ ልጃችሁ የወደቀ ዕለት እንደ ናፖሊ ሰዎች ከጎኑ ቁሙለት፤ ሊነሣ የሚችለው ያን ጊዜ ነውና።