ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ እንጀራ ግን ትሻለች

(በሰሜን ወሎ ሀገረ ስብከት፣ በሐብሩ ወረዳ በሲሪንቃ፣ በጾመ ፍልሰታ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን የቀረበ ትምህርት። ለዚህ ዜና መጽሔት እንዲስማማ በጥቂቱ ታርሟል።)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከመቅደሱ የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ስለ ጎታ፣ ስለ ዱቄት፣ ስለ ዘይትና ስለ ወር መጨረሻ ነው። ነገር ግን ጌታችን ጸሎትን ሲያስተምረን የዕለት እንጀራችንን ከአባታችን እንድንለምን አዝዞናል። ለጸሎት የተገባ ጉዳይ በጉባኤ ቢነገር ነውር አይሆንም። ነውር የሚሆነው በየቤታችን ተሸሽጎ ቤተሰብ ሲበትን ዝም ማለታችን ነው።

ያልተከፈለችው ወር

የሀገራችን ዘመን 13 ወራት አሉት፤ የደመወዝ መክፈያው ግን 12 ብቻ ነው። የነሐሴን ደመወዝ የተቀበለ ቤተሰብ እስከ መስከረም መጨረሻ 35 ቀን በእርሱ ይቆያል፤ በዘመነ ሉቃስ ፍጻሜ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ 36 ቀን። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ቅዱስ ዮሐንስ አለ፤ መስቀል አለ፤ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ አለ። ከዓመቱ ረጅሙ ወር ከዓመቱ ከባዱ ወጪ ጋር ተጋጥሞ ይመጣል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። ይህ ገንዘብ ግብርና የጡረታ መዋጮ ሳይነሣለት፣ የቤት ኪራይም ሳይከፈልበት ለ30 ቀን ቢካፈል በቀን 200 ብር ነው። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ለአንድ ሰው 40 ብር ይደርሳል። ያው ገንዘብ ለ35 ቀን ሲካፈል ግን በቀን 171 ብር ገደማ፣ ለአንድ ሰው 34 ብር ገደማ ይሆናል። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ ሳሙናና ከሰል ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

የገበሬውም ቤት ከዚህ አይሻልም። በዚህ ወር ማሽላው ገና በቡቃያ ላይ ነው፤ ያለፈው ዓመት እህል ደግሞ ወደ ጎታው ሥር ወርዷል። በገበያ የእህል ዋጋ የሚወደደውም በዚሁ ወቅት ነው። እንግዲህ በደመወዝ የሚኖረውና በመኸር የሚኖረው በአንድ ጊዜ ይቸገራሉ። በሌላ ወር አንዱ ጎድሎበት ከጎረቤቱ ቢበደር፣ በነሐሴና በጳጉሜን የጎረቤቱም መሶብ ባዶ ነው። ያን ጊዜ የሚቀረው የሱቅ ዱቤ፣ ከእርሱም ሲብስ አራጣ ነው።

የረሳነው ዓምድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ ስለ ቤተሰብ በጀት ሥልጠና ሰጥተን ነበር። በሰሌዳው ላይ መስመር አስምረን ገቢ፣ ወጪ፣ ቁጠባ የሚሉ ሦስት ዓምዶች አበጀን። ሥራችን አማረልን። በመጨረሻ አንዲት እናት እጃቸውን አንሥተው፣ «ልጆቼ፣ የጻፋችሁት መልካም ነው፤ ለሚጎድለው ግን ዓምድ አላበጃችሁለትም» አሉን። አዳራሹ ሳቀ፤ እኛም አብረን ሳቅን። የነገሩ ክብደት የገባን በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሰሌዳው ይልቅ ወደ ቤቶች መሄድ ጀመርን። ከገባንባቸው አንዱ የአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ቤት ነበር። ባለቤታቸው ከሣጥን ውስጥ የዱቤ ደብተራቸውን አውጥተው ሰጡን። ገጽ በገጽ አነበብነው። ድግስ የለበትም፤ ሥጋ የለበትም፤ መጠጥም የለበትም። ያለው በትንሽ ጠርሙስ የተለካ ዘይት፣ በፌስታል የተቋጠረ ከሰል፣ እፍኝ የማትሞላ ስኳር፣ በማንኪያ የሚለካ በርበሬ ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን በጅምላ ቢገዛ ከሚያወጣው ይበልጥ ነበር። ባለጠጋ በኩንታል ስለሚገዛ ይረክስለታል፤ ድሃ በማንኪያ ስለሚገዛ ይወደድበታል። እኝህ እናት አባካኝ አልነበሩም፤ ጥሬ ገንዘብ በእጃቸው የገባበትና ያለቀበት ቀን አንድ ስለሆነባቸው ነው።

ደብተሩን ስንመልስ ቀስ ብለው የነገሩን ግን ከዕዳው ይልቅ አስደነገጠን። ትልቋ ልጃቸው በመስከረም ለትምህርት አትመዘገብም፤ ወደ ዐረብ ሀገር የሚወስደውን መንገድ ስትጠይቅ ሰንብታለች። ከዚህ አካባቢ ስንት ልጆች በጅቡቲ አልፈው፣ ከኦቦክ በጀልባ ቀይ ባሕርን ተሻግረው፣ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ እንደሚጓዙ፣ በመንገድም ምን እንደሚደርስባቸው ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። በየቤታችሁ የተቀመጠ ፎቶግራፍ አለ። የዚያ ቤት ዕዳ ስንደምረው ከአንድ ወር ደመወዝ የሚበልጥ አልነበረም። ለዚያ ያህል ገንዘብ አንዲት ልጅ ባሕር ልትሻገር ነበር።

ዕዳና አቀንጭራ

የሲሪንቃ ሰው ይህን ነገር ከማንም በላይ ሊረዳው ይገባል። በዚህች ከተማ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በማሽላ ላይ ሲደክም ኖሯል፤ ከማሽላ ጠላቶችም አንዱ አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ ሐምራዊ አበባውን አውጥቶ ከመሬት በላይ ሲታይ ገበሬው ይነቅለዋል። ጉዳቱ ግን ቀድሞ ደርሷል፤ ከመሬት በታች በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን ሲመጠምጥ ሰንብቷልና። አንዱ ተክል በዓይን የማይለይ እጅግ ብዙ ዘር ይጥላል፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ዱቤም እንዲሁ ነው። በወር መጨረሻ ባለሱቁ ስሌቱን ሲያሳየን የታየ ይመስለናል፤ ሥራውን የሠራው ግን ከወሩ አጋማሽ ጀምሮ ነው። አዲሱ ደመወዝ የአሮጌውን ወር ዕዳ ከፍሎ ያልቃል፤ አዲሱም ወር በዱቤ ይጀመራል።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን ጨምሮ በማሽላ ላይ ባበረከቱት ሥራ ነው። የሥራቸው ፍሬ አንድ ነገር ያስተምረናል፦ መድኃኒቱ የሚጀምረው ከሥሩ እንጂ ከአበባው አይደለም። ገበሬውም ጥራጥሬን ከማሽላ ጋር በማፈራረቅ መሬቱን ያሳርፋል። እኛም ቤታችንን ከሥሩ ለመጠበቅ የሚከተሉትን እንመክራለን።

በየቤታችን ልናደርገው የምንችለው

አንደኛ፣ ደመወዝ በተቀበልንበት ቀን ከሁሉ አስቀድመን እህሉን፣ ሽሮውንና ዘይቱን እንግዛ፤ ሌላው ይከተል። ብቻውን በብዛት መግዛት የማይችል ከሦስትና ከአራት ጎረቤት ጋር ተባብሮ አንድ ኩንታል ገዝቶ ይካፈል። የሚቻለው ደግሞ በመኸር ማግስት፣ በታኅሣሥና በጥር እህል ሲረክስ ገዝቶ ለክረምት ያኑር። ነቀዝ እንዳይፈጀው እህሉን አድርቆ፣ አየር በማያስገባው ከረጢት አሥሮ ማስቀመጥ ይቻላል። ዮሴፍ በግብፅ በጥጋቡ ዘመን ከምርቱ አንድ አምስተኛውን ያከማቸው ረኀቡ እስኪመጣ ሳይጠብቅ ነው።

ሁለተኛ፣ ድስቱን እንመልከት። ማሽላ ብቻውን ሆድ ይሞላል፤ ለሰውነት ግን አይበቃም። ከባቄላ፣ ከሽምብራ፣ ከምስር ወይም ከማሾ ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ይህ እናቶቻችን በእንጀራና በሽሮ ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር ሽሮውን ቀንሶ እንጀራውን ብቻ ማብዛት ልጆችን ይጎዳል። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ቶሎ ያበስለዋል፤ ከሰልም ይተርፋል። ቲማቲም ወይም ሎሚ ከወጡ ጋር ቢጨመር ሰውነት በጥራጥሬው ውስጥ ያለውን ብረት በተሻለ ያገኛል። ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ ጋር ተያይዘው ሲጠጡ ብረቱን ይከለክላሉ፤ ጥቂት ቆይቶ መጠጣት ይበጃል። ቡናውን ተዉ አንልም። ቡና ጎረቤት የሚጠያየቅበት ነው፤ የተቸገረውን የምናውቀውም በዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጾም። ጾማችን የወጪ ማብዣ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። በጾም ቀን ለመብል ማሳመሪያ ዘይት የምናበዛ ከሆነ፣ የሥጋውን ዋጋ ለዘይት ሰጠን እንጂ ለድሃ አልሰጠንም። አባቶቻችን ከጾም የተረፈው ለተራበ እንዲሰጥ አስተምረዋል። ደግሞም ሕፃናት ጾም አልታዘዘባቸውም፤ የታመመ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከንስሐ አባቷ ጋር ተመካክራ በፈቃዱ ትመገባለች። እናት በረኀብ ደክማ ሕፃን ወተት ቢያጣ፣ ያን ጾም ብለን አንጠራውም። ካህናት አባቶቻችን ይህን ሳይጠየቁ ቀድመው ይንገሩ፤ ብዙ እናቶች ለመጠየቅ ያፍራሉና።

አራተኛ፣ የጳጉሜን ጎታ እናብጅ። በቀን 150 ብር የሚያወጣ ቤት ለጳጉሜን 5 ቀናት 750 ብር ያስፈልገዋል። ይህ በነሐሴ ከየትም አይመጣም። ከመስከረም እስከ ሰኔ በ10 ወራት ቢከፋፈል ግን በወር 75 ብር፣ በቀን 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ይህም የማይቻለው ቤት ሊጥ በሚቦካበት ቀን ሁሉ አንድ እፍኝ ዱቄት ለብቻ ያኑር። የሰራፕታዋ መበለት ያላት እፍኝ ዱቄትና ጥቂት ዘይት ብቻ ነበር፤ እግዚአብሔር የባረከውም በእጇ ያለውን ያንኑ ነው።

ምክር የማይደርስበት ቤት

ይሁን እንጂ ወገኖቻችን፣ ያቺ እናት የነገሩንን ዓምድ ዳግመኛ አንርሳ። እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ጥቂት ላለው የሚረዳ ነው። የቀን ሥራ ካላገኘ የማይበላ፣ ሕመምተኛ የሚያስታምም፣ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ በቁጠባ ምክር ብቻ አትድንም። ለእነዚህ ቆጥቡ ማለት ስድብ ይሆናል። ለእነርሱ የሚጠየቀው ጉባኤው ነው።

ለዚህ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም። እድር አለን፤ ሰንበቴ አለን፤ የጽዋ ማኅበር አለን። እድራችን ለሞተ ሰው ቀብር ይደርሳል፤ በሕይወት ሳለ የተራበውንም ይድረስለት። ከሰንበቴው መዋጮ ጥቂቱ በነሐሴ መጨረሻ ያለ ወለድ የሚሰጥ፣ በጥቅምትና በኅዳር የሚመለስ ብድር ይሁን። መጽሐፍ ቅዱስ በድሃ ወንድማችን ላይ ወለድ እንዳንጭን ያዝዛልና። የተቸገሩትን ስም የሰበካ ጉባኤውና የንስሐ አባቶች በምሥጢር ይያዙ፤ በዐደባባይ የተሰጠ እርዳታ ሆድ ሞልቶ ፊት ያጠቁራል።

ስለዚያች ልጅ ትጠይቁን ይሆናል። በመስከረም ተመዝግባለች። ያስመዘገባት የእኛ ሠንጠረዥ አይደለም። የእናቷ ሰንበቴ ዕዳውን በብድር ከፈለ፤ ቤተሰቡም በአራት ወር መለሰ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሌላ ቤት ነበር። ጉዳዩን ሰምተን ነበር፤ ከመስቀል በኋላ እንሄዳለን ብለን ቀጠሮ ያዝን። ስንደርስ ልጁ ከሄደ ሳምንት አልፎት ነበር። እናቱ ቡና አፍልተው በክብር አስተናገዱን፤ አንዳችም አልወቀሱንም። ይህን የምንናገረው ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ነው። የተቸገረ ሰው ቀጠሮ በእኛ የዕቅድ ሰሌዳ አይመራም።

ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ አንድ ነገር ብቻ እንለምናለን። ጾሙ ተፈትቶ ጳጉሜን ሳትገባ፣ እያንዳንዱ ማኅበር በአጠገቡ ያሉትን ቤቶች ይጎብኝ። የሚጠየቀው ጥያቄ አጭር ነው፦ «ጳጉሜንን እንዴት ልትወጧት ነው? ልጆቹስ ይመዘገባሉ?» ጥያቄው በጊዜው ከተጠየቀ ብዙ ጊዜ መልሱ ከአንድ ማኅበር አቅም በላይ አይሆንም።

ከአምስቱ እንጀራና ከሁለቱ ዓሣ የተረፈው ቁርስራሽ እንዳይጠፋ እንዲሰበሰብ ያዘዘ ጌታ፣ ከቤታችን ቁርስራሽም ከልጆቻችንም አንድ እንዳይጠፋብን ይጠብቅልን። የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። ዘመኑን በሰላም አስፈጽሞ ለቅዱስ ዮሐንስ በዓል ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።